«ጥርጣሬህ ነው የከለከለህ» ለተባለው ጀልባ ነጂ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 33 ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር አባይ ማዶ ነው። ለስምንት ዓመት ያህል ቱሪስቶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሳመላልስ ኖሬያለሁ። እንግዳው ከጠፋ ወዲህ ግን ጀልባዬ አብዛኛውን ቀን ታስራ ነው የምትውለው። ከአራት ወር በፊት አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም የሚሰጥ ‹የመሳሳብ ሕግ› የሚባል ሥልጠና ውስጥ አስገባኝ። የምፈልገውን በየቀኑ ጠዋት 3፣ ቀን 6፣ ማታ 9 ጊዜ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የሁለት ትልልቅ ጀልባዎች ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ጀልባዎቼ ሰው ሞልተው ሲሄዱ አያለሁ፤ ያኔ በጣም ደስ ይለኛል። ጠዋት ግን ምንም የለም። አሠልጣኙን ስጠይቀው ‹ጥርጣሬህ ነው የከለከለህ፤ ዩኒቨርሱ የሚሰማው ቃልህን ሳይሆን ስሜትህን ነው› አለኝና 18,000 ብር የሚከፈልበትን ከፍተኛ ደረጃ ሥልጠና እንድወስድ መከረኝ። ከዕቁብ የወጣልኝ 40,000 ብር አለኝ። በዚህ መሐል አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ዓሣ በሞተር ጀልባ ማመላለስና መዝገብ መያዝ ትችላለህ ወይ ብሎ ጠይቆኛል፤ መልስ የሚፈልጉት እስከ አርብ ነው። አሠልጣኙ ‹ትንሹን ከተቀበልክ ትልቁን ትዘጋዋለህ› ይላል። ባለቤቴ ‹ላም አለኝ በሰማይ› እያለች ትስቅብኛለች፤ አሉታዊ ኃይል ስላላት ስለዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር ማውራት ትቻለሁ። እህቴም በትምህርቱ ተስባ እናታችንን ‹ስኳር አለብኝ አትበይ› ብላታለች፤ እናቴ መድኃኒቷን አንዴ ትውጣለች፣ አንዴ ትተዋለች። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህ ነገር ይሠራል ወይስ አይሠራም? ጥፋቱስ የእኔ ጥርጣሬ ነው?»

መልስ፦ ከእናትህ እጀምራለሁ። የአንተ ጉዳይ ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የእሷ አይቆይም። ስኳር ስሙን ስለጠሩት የሚመጣ፣ ስሙን ስለደበቁት የሚሄድ በሽታ አይደለም። የደም ስኳር ከፍ ብሎ ለወራት ሲቆይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። በሽተኛው «ደህና ነኝ» ሲል አይዋሽም፣ እውነትም ደህና የሆነ ይመስለዋል። በዚያው ጊዜ ግን የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ቀጫጭን የደም ሥሮችና ነርቮች እየተጎዱ ነው፤ ጉዳቱ በተሰማ ጊዜ የማይመለስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እናትህ ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒቷን ሐኪሙ ባዘዘላት መጠን ትውሰድ። ያመለጣትን ለማካካስ ብላ እጥፍ አትዋጥ። በዚህ ሳምንት ክትትል ወደምታደርግበት ጤና ተቋም ውሰዳትና ስኳሯን በባዶ ሆድ አስለካላት፤ መድኃኒቱን ስንት ጊዜ እንዳቋረጠች ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት። እህትህን አትቆጣት። እናቷን ያዳነች መስሏት ነው፤ ከተቆጣሃት ምክሩን በጓዳ ትቀጥልበታለች። ይልቅ ወደ ክትትሉ አብራችሁ ሂዱ፣ ቁጥሩን በዓይኗ ትየው።

«ታዲያ ሐሳብ በሰውነት ላይ ምንም አያደርግም?» ትለኝ ይሆናል። ያደርጋል፤ ድንበር ግን አለው። መድኃኒት የሌለበት እንክብል «ይሻልሃል» ተብሎ ሲሰጥ ሕመምና ማቅለሽለሽ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ አንድ የሀርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ አንጀታቸው የሚታወክባቸው ሰዎች «ይህ ባዶ እንክብል ነው» ተብሎ በግልጽ ተነግሯቸው እንኳ ምንም ካልወሰዱት የተሻለ እፎይታ አግኝተዋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት 1,093 የራስና የአንገት ካንሰር ሕሙማንን ተከታትሎ፣ መንፈሳቸው የበረታውም የወደቀውም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እንዳልተለያየ አገኘ። ሐሳብ ሕመሙ እንዴት እንደሚሰማን ይለውጣል። ዕጢ አያቀልጥም፣ የስኳር መድኃኒትንም አይተካም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። «ቀና አስተሳሰብ» እና «የመሳሳብ ሕግ» በአንድ ከረጢት ተቋጥረው ስለሚሸጡ አንድ ይመስላሉ። ቀና አስተሳሰብ የሚናገረው ስለ አንተ ነው፤ ነገሩን የምታይበት ዓይን የምታደርገውን ይለውጣል ይላል። ይህ ሊመረመር ይችላል፣ ተመርምሯልም፣ ከፊሉም ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። የመሳሳብ ሕግ ግን የሚናገረው ስለ ዓለም ነው፤ ሐሳብህ ከራስህ ወጥቶ፣ አየሩን ሰንጥቆ፣ ገንዘብና ሰው እየጎተተ ያመጣልሃል ይላል። ለዚህ አንድም አስተማማኝ ማስረጃ የለም። አጭሩ መልሴ ይኸው ነው፦ ሁለተኛው አይሠራም፤ የመጀመሪያው ይሠራል፣ አንተ በተማርከው መንገድ ግን አይደለም። ጥርጣሬህ ምንም ጥፋት የለበትም።

አሠልጣኞቹ «የጥንት ሊቃውንት የደበቁት ምስጢር» ይሉታል። ጥንታዊም አይደለም፣ የተደበቀም አይደለም። ሥሩ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ነው። ፊንያስ ኪምቢ የሚባል የሜይን ግዛት ሰዓት ሠሪ «በሽታ የተሳሳተ እምነት ነው» ብሎ ሰው ማከም ጀመረ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት «አዲስ አስተሳሰብ» የሚባል እንቅስቃሴ መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1906 ዊልያም ዎከር አትኪንሰን የተባለ ጠበቃ «የመሳሳብ ሕግ» የሚለውን ስም በመጽሐፉ ሽፋን ላይ አወጣው። እኛ ጋ ገና ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ ነበሩ። ዘመኑን ልብ በል፦ ማርኮኒ የሬዲዮ ምልክት አትላንቲክን ካሻገረ አምስት ዓመቱ ነው። የማይታይ ነገር አየር አቋርጦ መልእክት ሲያደርስ ያየ ሰው «ሐሳብስ ለምን አያደርስም?» ቢል አይፈረድበትም። «ንዝረት»፣ «ሞገድ»፣ «ማግኔት» የሚሉት ቃላት ትምህርቱ ውስጥ የገቡት ከዚያ ነው፤ እስካሁንም አልወጡም። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በአንድ ፊልምና መጽሐፍ ዓለምን ዞረ፤ ከዚያ በቴሌግራም አንተ ቤት ደረሰ።

የማግኔቱ ምሳሌ ራሱ ይገለብጣቸዋል። «ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ይስባል» ይላሉ፤ ማግኔት በእጁ የያዘ ተማሪ ሁሉ ተመሳሳይ ዋልታዎች እንደሚገፋፉ ያውቃል። ስለ አንጎል ሞገድ የሚያወሩት ደግሞ የሃንስ በርገርን ታሪክ ቢያውቁት ጥሩ ነበር። በርገር ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በወጣትነቱ ወታደር ሳለ ከፈረስ ወድቆ ለጥቂት ከሞት ተረፈ፤ በዚያው ቀን በሩቅ ያለች እህቱ ልቧ ፈርቶ ስለነበር ቤተሰቡ በሽቦ የሚላክ መልእክት (የዱሮውን ቴሌግራም) ላከለት። «ሐሳቤ እህቴ ጋ ደርሶ ነበር» ብሎ አመነና ያንን ኃይል ፍለጋ ዕድሜውን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1924 የሰው አንጎል የሚያወጣውን የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ ዛሬ የሚጥል በሽታ የሚመረመርበት ኢኢጂ የተወለደው ከዚያ ነው። የፈለገውን ግን አላገኘም። ሞገዱ የራስ ቆዳ ላይ እንኳ ሲለካ የቮልት ሚሊዮንኛ በሚባል መጠን የሚቆጠር ነው፤ ለመያዝም ሽቦ ራስ ላይ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ከአባይ ማዶ ተነሥቶ ቅርብ ያለችው የእንጦስ ኢየሱስ ደሴት እንኳ አይደርስም፣ ከአውሮፓ ቱሪስት ሊጠራ ቀርቶ። ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው፦ ሰውየው ምኞቱን ለመለካት ፈቃደኛ ነበር።

ያን ሁሉ ሰው «ሠራልኝ» የሚያሰኘው ምንድን ነው ካልክ፣ ልብ ካላየ ዓይን አያይም። አዲስ የጀልባ ሞተር ለመግዛት ያሰብክ ዕለት ወደቡ ላይ ያለው ሞተር ሁሉ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ትናንትም እዚያው ነበር። መቶ ነገር ተመኝተህ ሁለቱ ሲገጥሙ ሁለቱን ታስታውሳለህ፣ ዘጠና ስምንቱን ትረሳለህ። ምስክርነት እንዲሰጥ መድረክ ላይ የሚወጣውም የሆነለት ብቻ ነው፤ ያልሆነለት ቤቱ ተቀምጧል። ማዕበሉን አልፎ በደህና የገባ ሁሉ «ስለቴ ሰመረ» ይላል፤ ሐይቁ ያስቀረውን ስለት ማን ይቆጥራል?

ለእኛ ደግሞ ትምህርቱ እንግዳ አይመስለንም። ሕፃን «እሞታለሁ» ካለ እናቱ «አታሟርት!» ትላለች፤ «መልካም ተመኝ፣ መልካም እንድታገኝ» እየተባልን ነው ያደግነው። አሠልጣኙ ሲመጣ የቤታችንን ዕቃ በአዲስ ማሸጊያ ያመጣልን ይመስለናል። ልዩነቱን ግን አስተውል። አባት ልጁን ሲመርቅ «ሂድ፣ ይቅናህ» ነው የሚለው። መሄዱ ከልጁ ነው፤ ምርቃቱ መንገደኛን ይሸኛል እንጂ የተቀመጠን ሰው አይመለከትም። ከጸሎት ጋርም አታምታታው። ጸሎት እንቢ ማለት የሚችል ሰሚ አለው፤ ይኸኛው ግን ዓለምን እንደ አስተናጋጅ ማዘዝ ነው። ስለ ሃይማኖት መናገር የእኔ ሙያ አይደለምና እዚህ ላይ ላቁም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። በደብዳቤህ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር «ያኔ በጣም ደስ ይለኛል። ጠዋት ግን ምንም የለም» የሚለው ነው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ገብርኤለ ኦቲንገን ሙያዋን ያሳለፈችው በዚህ ነገር ላይ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ጥናት ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ 25 ሴቶችን ሁለት ነገር ለየብቻ ጠየቀች። አንደኛው «ይሳካልኛል ብለሽ ትጠብቂያለሽ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወደፊት ራሳቸውን እንዴት አድርገው እንደሚያልሙ ነው፤ ቀጥነው፣ አምረው፣ ጓደኛ ሲያደንቃቸው ወይስ ሲቸገሩ? ከአንድ ዓመት በኋላ ይሳካልኛል ብለው የጠበቁት ከተጠራጠሩት 12 ኪሎ ያህል የበለጠ ቀንሰዋል። ጣፋጭ ሕልም ያለሙት ግን ካላለሙት 11 ኪሎ ያህል ያነሰ ነው የቀነሱት። ሁለቱም «ቀና ማሰብ» ይባላሉ፤ ውጤታቸው ግን ተቃራኒ ሆነ።

ይህ አንድ ጊዜ የታየ ነገር አይደለም። ሥራ የሚፈልጉ የጀርመን ምሩቃን ላይም ተደግሟል፦ ጥሩ ሥራ ስለማግኘት ብዙ ያለሙት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ ያስገቡት ማመልከቻ ያነሰ፣ የተሰጣቸው ሥራ ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ያነሰ ነበር። ምክንያቱን ፍለጋ ኦቲንገንና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ሰውነት ሄዱ። ሰዎች ምኞታቸው ተሳክቶ እንዲያልሙ ሲደረግ የደም ግፊታቸው ዝቅ አለ። ይህ ለሚያርፍ ሰው መልካም ነው። ለሥራ መነሣት ላለበት ሰው ግን ሰውነቱ «ደርሰናል፣ ዕረፍ» ብሎታል ማለት ነው። ማታ ጀልባዎችህ ሞልተው ሲሄዱ ስታይ የሚሰማህ ደስታ እውነተኛ ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ የወሩን ደመወዝ በመጀመሪያው ቀን የተቀበለ ሠራተኛ ሆነሃል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም አለ፤ ለተማሪዎቼ የማልነግርበት ዓመት የለም። ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች በቡድን ተከፈሉ። አንዳንዶቹ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ጥሩ ውጤት አግኝተው ሲደሰቱ በዓይነ ኅሊናቸው አዩ። ሌሎቹ ሲያጠኑ አዩ፦ የት እንደሚቀመጡ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጀምሩ፣ የትኛውን ምዕራፍ እንደሚከፍቱ። ውጤቱን ያዩት ያጠኑት ሰዓት ያነሰ ነው፤ ጥናቱን ያዩት ቀድመው ጀምረው ብዙ አጥንተው የተሻለ አመጡ። ስለዚህ በዓይነ ኅሊና ማየት ራሱ ጥፋት የለበትም። አንተ ያየኸው የጀልባዎቹን መሙላት ነው፤ ልታይ የሚገባህ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥተህ ወደ ማን ስልክ እንደምትደውል ነበር።

ደብተሩ ላይ የምትጽፈው «እኔ ሀብታም ነኝ» ዓይነት ቃል ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2009 በካናዳ የተደረገ ጥናት «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ቃል የደጋገሙ ሰዎችን ተመለከተ። በራሳቸው ደህና ግምት ያላቸው ጥቂት ደስ አላቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩት ግን ባሰባቸው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ አፍህ «ሀብታም ነኝ» ሲል ልብህ የታሰረችውን ጀልባ ይቆጥርብሃል። በቀን 18 ጊዜ የማታምነውን መጻፍ በቀን 18 ጊዜ ጉድለትህን ማስታወስ ነው።

ታዲያ ከቀና አስተሳሰብ ምን ይቀራል? ጥሩው ይቀራል። ከልምድ የተነሣ ተስፋ፣ «ከዚህ በፊት አድርጌዋለሁ፣ አሁንም እችላለሁ» የሚለው፣ ሰውን ያንቀሳቅሳል። ሰባ ሺህ ያህል ሴቶችንና ከአንድ ሺህ በላይ ወንዶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ አሜሪካዊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም፣ ተስፈኞቹ በአማካይ ከ11 እስከ 15 በመቶ የረዘመ ዕድሜ ነበራቸው። ተስፋው ራሱ ዕድሜ ጨመረ ማለት ግን አይቻልም። ተስፋ ያለው ሰው ያነሰ ያጨሳል፣ ብዙ ይንቀሳቀሳል፤ ተመራማሪዎቹ እነዚህን በሒሳቡ ቢያስገቡም የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል። አንተም ከልምድ የተነሣ ተስፋ አለህ፤ ስምንት ዓመት ሰው አሳፍረህ በሰላም መልሰሃል። እሱን ትተህ ነው የሰው ሕልም የገዛኸው።

«ጥርጣሬህ ነው የከለከለህ» ወደሚለው ልምጣ፤ ከደብዳቤህ ውስጥ ያናደደኝ ይህ ነው። ይህን ቃል እንደ ውል አድርገህ አንብበው። ከሆነልህ ትምህርቱ ሠራ፤ ካልሆነልህ አንተ አበላሸኸው። ሻጩ በምንም መንገድ የማይሸነፍበት ውል ነው። ጠንቋይም «ስለቱን በትክክል አላደረስክም» ይላል፤ ልዩነቱ የዛሬው በሞባይል ባንኪንግ ማስከፈሉ ነው። ይባስ ብሎ ለመጠርጠር ያለህን መብት ወሰደብህ። መጠርጠር አንድ ነገር ሳይሠራ ሲቀር የምታውቅበት መሣሪያህ ነው። ሞተርህ እንግዳ ድምፅ ሲያሰማ «አልጠራጠርም» ብለህ ሐይቁ መሐል ትገባለህ?

በዚህ ላይ ደግሞ ጭካኔ አለበት። ያሰብከው ሁሉ የሚመጣ ከሆነ ያገኘህ ሁሉ አንተ ያሰብከው ነው ማለት ነው። እንግዲያውስ ቱሪስት የጠፋው ጀልባ ነጂዎች ሁሉ በአንድ ቀን ክፉ ስላሰቡ ነው? እምቦጭ መረቡን የሸፈነበት አስጋሪስ ምን ብሎ ቢያስብ ነው አረሙ የመጣበት? እንግዳ የጠፋው በጸጥታው ችግር ነው፤ እምቦጩም ንጥረ ነገር በበዛበት ውኃ ላይ የሚራባ ወራሪ አረም ነው። ከእነዚህ አንዱም አንተ ራስ ውስጥ አልተጀመረም። ይህን ማወቅ ያሳዝናል፣ ግን ሸክምም ያወርዳል።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልንገርህ። በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት 1,023 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ምኞት በሐሳብ ብቻ ይመጣል ብለው አጥብቀው የሚያምኑት፣ ራሳቸውን ከሌላው የበለጠ ስኬታማ አድርገው ይቆጥራሉ። ግን ለአደገኛ ኢንቨስትመንት ይበልጥ የሚሳቡትም፣ በኪሳራ የወደቁ ብዙዎች የተገኙባቸውም እነሱ ናቸው። እምነቱ ነው ያከሰራቸው ወይስ የከሰረ ሰው ነው ወደ እምነቱ የሚሄደው የሚለውን ጥናቱ አይለይም፤ በሁለቱም መንገድ ግን 18,000 ብር የሚከፈልበት ቦታ አይደለም። ካለህ ገንዘብ ውስጥ 45 በመቶ ነው። አትክፈል። የመጀመሪያው ደረጃ ያላመጣውን ሁለተኛው ያመጣል የሚል ሰው፣ ሦስተኛም ደረጃ አዘጋጅቷል።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ደብተሩን አትጣለው፤ የምትጽፈውን ለውጠው። ኦቲንገን ከሕልሙ ጎን እንቅፋቱን አስቀምጡ ትላለች። መጀመሪያ ምኞትህን በአንድ መስመር ጻፍ፣ ቀጥሎ ቢሳካ የሚሰማህን ጥቂት ደቂቃ አስብ፣ ከዚያ ወዲያው «በእኔ ውስጥ የሚያግደኝ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅ። የመጨረሻው መስመር «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የሚል ነው። ይህን የመጨረሻውን ያጠናው ባለቤቷ ፒተር ጎልዊትዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የ94 ሙከራዎችን ውጤት ደምሮ ሲያይ «ሲሆን—አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው ዝም ብሎ «አደርጋለሁ» ካለው በግልጽ የበለጠ እንደሚፈጽም አገኘ። አንተ ይህን በሐይቁ ላይ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። ደህና ጀልባ ነጂ «ነፋስ አይነሣም» ብሎ ቀና አያስብም፤ «ነፋስም አለ፣ ዘጌም እደርሳለሁ» ብሎ በማለዳ ይነሣል። ታንኳ የሚሠራውም ሰው ደንገሉ ውኃ እንደሚጠጣ አውቆ ከተጠቀመባት በኋላ አውጥቶ ያደርቃታል።

የአንተ ውስጣዊ እንቅፋት ምንድን ነው? ደብዳቤህን ሳነብ ጥርጣሬ አልታየኝም። የታየኝ እፍረት ነው፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ለውጭ እንግዳ ስለ ገዳማቱ ስትተርክ የኖርክ ሰው፣ ባልደረቦችህ በሚያዩህ ወደብ ላይ ቆሮሶና አምባዛ ስታወርድ መታየት ይከብዳል። «ትንሹን አትቀበል» የሚለው ምክር የጣፈጠህ ለዚህ ይመስለኛል፤ ለእፍረትህ የክብር ልብስ አለበሰልህ። እንዲህ ከሆነ መስመሩን በዚህ ላይ ጻፈው፦ «የድሮ ባልደረባዬ ወደቡ ላይ ሲያየኝና ፊቴ ሲግል፣ እኔው ቀድሜ ሰላም ብዬው ጭነቴን አወርዳለሁ።» የሚያስቅ ይመስላል፤ ሞክረው።

ሥራውን ተቀበል። ገቢ ይኖርሃል፣ ጀልባ ላይ ትውላለህ፣ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ትለምዳለህ፤ ሁለት ጀልባ የሚያስተዳድር ሰው የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። ጀልባህንም አትሽጣት። ከዕቁቡ ብር ላይ ለሞተሯ እድሳት የሚበቃውን ለይተህ የቀረውን ለክፉ ቀን አስቀምጥ። ቅዳሜና እሁድ ሐይቁን የሚሻገረው ቱሪስት ብቻ አይደለም፤ ገዳም የሚሳለም ምእመን አለ፣ ከሰርግ በኋላ ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች አሉ፣ ዘጌ ቡና የሚገዛ ነጋዴ አለ። ማኅበሩን ቅዳሜና እሁድ ነፃ ሊያደርጉህ ይችሉ እንደሆነ ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ።

ይህ ዘዴም ወሰን አለው። ምኞትና እንቅፋት ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዳንዴ ምኞቱ የማይሆን መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሁለት ትልልቅ ጀልባ በዚህ ዓመት የማይሆን ከሆነ መተውህ ሽንፈት አይደለም። ዘዴው እንግዳም አያመጣልህም፤ እንግዳ ሲመጣ ተዘጋጅተህ እንድትገኝ ነው። ሌላ ጥንቃቄ፦ እንቅልፍ ካጣህ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘህና ይህ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የአስተሳሰብ ጉዳይ አይደለም፣ ሕመም ነው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ሂድ። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ሂድ።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ አሉታዊ ኃይል የሚባል ነገር የላትም። ሳቋ ሊያምህ ይችላል፣ እሱን ንገራት። ግን በአራት ወር ውስጥ ሒሳቡን በትክክል የሠራችው እሷ ናት። ዛሬ ማታ ዓይንህን በምትጨፍንበት ሰዓት ደብተሩን ይዘህ አጠገቧ ተቀመጥና እንቅፋቶቹን አብራችሁ ጻፉ። ማኅበሩ መልስ የሚፈልገው እስከ አርብ ነው ብለሃል፤ አንተ ሐሙስ ጠዋት ደውልላቸው።